ዕዳ ከሜዳ
ክለብ ወደ ላይኛው ሊግ ሲወጣ የሚከተለው ጣጣ

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሹ በር ላይ የተነሣውን ክርክር ያልሰማ ሰልጣኝ ያለ አይመስለንም። አንዱ ከቡሬ የመጣ ወንድማችን «የእኛ ከተማ አንድ ቀን ፕሪሚየር ሊግ መግባቷ አይቀርም» ቢል፣ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ደግሞ «ከእናንተ በፊትማ እኛ ነን!» ብሎ ተነሣ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሰልፉም ተበተነ፤ እነሱ ግን አላቆሙም። ክርክሩ ሁሉ ማን ቀድሞ ይገባል በሚለው ላይ ነበር። መግባቱ ይበጃል ወይስ አይበጅም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ መምህራችን ቆም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ለመሆኑ ከገባችሁ በኋላስ?» ብለው ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ ሄዱ።

እኛ የዝግጅት ክፍሉ አባላት ይህችን ጥያቄ ይዘናት ቀረን። ጥያቄዋ ቀላል አይደለችም። ነገ ተመርቀን ወደ ወምበርማ፣ ወደ ሰከላ፣ ወደ ጃቢ ጠህናን ገጠር ስንሠማራ፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ነገር በእኛ እጅ ላይ ይወድቃልና።

በቅድሚያ አወቃቀሩን እንይ። የአገራችን የእግር ኳስ ውድድር እንደ መሰላል ነው። ከላይ በአሁኑ መልኩ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ፕሪሚየር ሊግ አለ። ከእሱ ሥር ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያም አንደኛ ሊግ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ክልሎች የሚያካሂዱት ውድድር ይገኛል። በየዓመቱ ከላይ የሚወርድ አለ፣ ከታች የሚወጣ አለ። ቡድን ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥሩንባ ይነፋል፣ ባጃጁ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ከንቲባው ንግግር ያደርጋሉ፣ ለተጫዋቾቹ ሽልማት ይታደላል። ይህ ሁሉ የሐምሌ ነገር ነው። የእኛ ጽሑፍ ስለ ነሐሴ ነው።

ነሐሴ ላይ ምን ይሆናል? አሠልጣኙና የክለቡ ኃላፊዎች ይቀመጡና «በዚህ ቡድን ላይኛው ሊግ አይቻልም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይቻልም። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች ፍለጋ ይጀመራል። ልምድ ያለው ተጫዋች ደግሞ ዋጋውን ያውቃል። የፊርማ ይጠይቃል፤ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ይፈርማል። ዋጋው ምን ያህል እንደ ደረሰ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ልብ በሉ፤ ይህ ዋጋውን ለማውረድ የተደረገ ስምምነት ነው! በዚያው ዓመት አንድ ጀማሪ የአንደኛ ደረጃ መምህር ከሚያገኘው ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የሒሳብ ሰልጣኞች በሃያ አምስት ተጫዋች አባዝታችሁ፣ በአሥራ ሁለት ወር መትታችሁ ብታዩት ጥሩ ልምምድ ይሆናችኋል።

ይህ ገንዘብ ከየት ነው የሚመጣው? በእንግሊዝ አገር ከቴሌቪዥንና ከትኬት ይመጣል። በእኛ አገር ግን አብዛኞቹ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ጥገኛ ናቸው። ክለቡ የከተማው ነው ሲባል ደመወዙ የሚወጣው ያው ውኃ፣ መንገድና የትምህርት ቤት ክፍል ከሚጠብቁት ካዝና ነው ማለት ነው። ባንክ ክለብ ቢኖረው ባንኩ ይከፍላል። የድንችና የበርበሬ ገበያ ቀረጥ የምትሰበስብ ከተማ ክለብ ቢኖራትስ?

ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየን የ2016 ዓ.ም. ውድድር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሦስት ክለቦች አብረው ወደ ላይ ወጡ፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። ከአንድ ዓመት በኋላ ንግድ ባንክ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱ የከተማ ቡድኖች ደግሞ ተያይዘው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ሦስቱም የተሻገሩት ያንኑ በር ነው፤ ኪሳቸው ግን አንድ አልነበረም። የዱራሜም ሆነ የሻሸመኔ ልጅ ከማንም ያነሰ ኳስ ይችላል የምንል አይደለንም።

«ገንዘብ ካለ እንግዲህ ችግር የለም» የሚል ቢኖር ጅማን ይመልከት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ሊጉ በወጣበት የመጀመሪያ ዓመት ዋንጫውን አንሥቶ አገሩን ጉድ አሰኘ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተጋጠመ። እስከዚህ ድረስ ተረት ይመስላል። ነገር ግን ጎበዝ ሆኖ የታየ ሁሉ ፈላጊው ይበዛል። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቀሌ ሄደው በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ለመቀሌ አስገኙ፤ አፎላቢም ወደ ግብጽ ተሻገረ። ጅማ ላይ የቀረው የሻምፒዮንነት ስምና የሻምፒዮን ወጪ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስለ ቡድኑ የሚሰማው ወሬ በአብዛኛው ደመወዝ አልተከፈለንም ያሉ ተጫዋቾች ልምምድ ማቆማቸው ሆነ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቡ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት!

አንድ ሰልጣኝ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቢወርድስ ምን አለበት፤ እንደገና ይወጣላ» አለን። እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ቡድኑ ሲወርድ ዕዳው አብሮት ይወርዳል። የሁለት ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች ክለቡ ታች ስለ ወረደ ገንዘቡን አይተውም፤ ለፌዴሬሽኑ ይከሳል፤ የውጭ ዜጋ ከሆነ እስከ ፊፋ ይሄዳል። ከተፈረደለት ክለቡ እስኪከፍል ድረስ አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም ሊታገድ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ያሉትን መክፈል አቅቶት፣ አዲስም ማምጣት ተከልክሎ በታችኛው ሊግ የሚንገታገት ቡድን። አበው ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ሳያስቡት ለሚመጣ ጣጣ ነው። እዚህ ላይ ግን ሜዳው የእውነት ሜዳ፣ ዕዳውም የእውነት ዕዳ ነው።

አሁን ደግሞ እኛን ከሁሉ በላይ ወደ ነካን ነገር እንለፍ።

ሰው ቡድኑ ሲወጣ የሚደሰተው ለምንድነው? ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በደጁ መጥተው ሲጫወቱ ለማየት አይደለም እንዴ? ይህ ደስታ በእርግጥ ነበር። ባሕር ዳር ከተማ በ2010 ዓ.ም. ከፍተኛ ሊጉን አልፎ በ2011 ዓ.ም. ላይኛው ሊግ ላይ መጫወት በጀመረ ጊዜ፣ ከእኛ አካባቢ እንኳ ሌሊት ተነሥቶ በቡሬ፣ በቲሊሊ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላና በመራዊ በኩል እየተንገጫገጨ የሄደ ሰው ስንት ነው! ታላላቆቻችን አሁንም ያወሩታል። ዳቦና ቆሎ ቋጥረው፣ ማታ ድምፃቸው ተዘግቶ ይመለሱ ነበር።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ አካሄዱ ተለወጠ። የቴሌቪዥን ሥርጭትም በዲኤስቲቪ አማካይነት ተጀመረ። ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወታሉ፤ ከዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። በዚያ ዓመት የተመረጡት ከተሞች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ማን ነበር? ፋሲል ከነማ። ጎንደር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሊጉ ያሳለፈችው፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ያነሣው ፋሲል! ጎንደር ግን ከአምስቱ ከተሞች አንዷ አልነበረችምና፣ ሕዝቡ የሻምፒዮንነቱን ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ በገዛ ሜዳው ሳያይ ጨረሰው። በየቤቱና በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ተሰብስቦ አየ። ዋንጫው ሲመጣ ከተማው በደስታ አበደ፤ ማበዱም ተገቢ ነው። ይሁንና ከመካከላችን ከዚያ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ ያለን ነገር አይረሳንም፤ «ልጅ የወለድን ያህል ደስ አለን፤ ግን ሲያድግ አላየነውም» ነው ያለው።

ይህ አካሄድ በቀጣዮቹ ዓመታትም ቀጠለ። ታዲያ አንድ የትንሽ ከተማ ቡድን ወደ ላይ ወጣ ማለት ምን ማለት ሆነ? ቡድኑ ከከተማው ወጣ ማለት ሆነ። ለወራት ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ወይም አዳማ ሆቴል ይከራያል፤ አልጋው፣ ቀለቡ፣ አበሉ፣ ልብስ አጣቢው ሳይቀር በከተማው በጀት ነው። በሜዳው ቢጫወት ኖሮ ቢያንስ እንግዳው ቡድን የእኛን ሆቴል ያድራል፣ ደጋፊው የእኛን ሻይ ቤት ይጠጣል፣ በር ላይ ትኬት ይቆረጣል፣ ቆሎ ሻጯም ትጠቀማለች። አሁን ግን ገንዘቡ ከእኛ ይወጣና ሌላ ከተማ ላይ ይበላል። የስፖርት መምህራችን «ክለብ ለከተማ ኢኮኖሚ ይጠቅማል» ሲሉ እንሰማለን። አባባላቸውን አንቃወምም፤ የትኛውን ከተማ እንደሚጠቅም ግን ቢያስረዱን ደስ ይለናል። (ይህን ስለ ጻፍን በመስክ ፈተና ላይ ነጥብ እንዳይቀንሱብን ከወዲሁ እንለምናለን።)

ሜዳን ካነሣን ወልዲያንም መጥቀስ ይገባል። በጥር 2009 ዓ.ም. በከተማዋ በሼህ ሙሐመድ አል አሙዲ ስም የተሰየመ 25,000 ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀ። በጊዜው የወልዲያ ቡድን በላይኛው ሊግ ውስጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወረደ። በዚያ መካከል ደግሞ የከፋ ነገር ሆነ፤ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ምክንያት በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት ዳኞች በመደብደባቸው ሊጉ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ላይኛው ሊግ ላይ ቡድን የሚለብሰው ማሊያ የከተማው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአካባቢው ሁሉ ስም ይሆናል። የሁለት ጎረቤት ቀበሌ ልጆች ተጣልተው ማታ በሽማግሌ ይታረቃሉ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ለሚሰዳደቡት ግን ሽማግሌው ማነው?

በሌላውስ ዓለም? በእንግሊዝ ሉተን ታውን የሚባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ2023 ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ፣ ያረጀ ስታዲየሙን የሊጉን መስፈርት እንዲያሟላ ለማደስ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አወጣ። ሥራው ስላላለቀ በሜዳው ሊያደርገው የነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ2024 ወረደ፤ በ2025 ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ወደ ሦስተኛው ሊግ ገባ። በዚያ አገር በ2023 የወጡት ሦስቱም በ2024፣ በ2024 የወጡት ሦስቱም በ2025 ተመልሰው ወርደዋል። እዚያ ግን ለወረደ ክለብ ለተወሰኑ ዓመታት የሚሰጥ የማገገሚያ ገንዘብ አለ፤ ወድቆ እንዳይሰበር ከሥሩ ገለባ ይነሰነስለታል።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን ግን የስፔኑ ኤይባር ነው። ኤይባር ሕዝቧ 30,000 የማይሞላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከፍኖተ ሰላም አትበልጥም። ቡድኗ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ላይኛው ሊግ ሲያልፍ ምንም ዕዳ አልነበረበትም። ሆኖም የአገሩ ሕግ ካፒታላችሁን በ1.7 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ካላሳደጋችሁ አይሆንም አላቸው። አስቂኝ ነው፤ ባለዕዳዎቹ እላይ ተቀምጠው፣ ዕዳ የሌለበት ድሃ በር ላይ ይጠየቃል። ክለቡ ተበድሮ አላመጣም፤ ለሕዝብ አክሲዮን ሸጠ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች እየገዙ ገንዘቡ ሞላ። በመጀመሪያው ዓመት በሜዳ ውጤት መውረድ ነበረበት። ነገር ግን ኤልቼ የተባለው ቡድን በዕዳው ምክንያት ስለ ተባረረ ኤይባር በቦታው ቀረ። እስከ 2021ም ሰባት ዓመት ቆየ። እንግዲህ ትንሽ ከተማ ላይኛው ሊግ አይሆንላትም የሚል ካለ ይህን ይይ። ነገር ግን አወጣጡንም አብሮ ይይ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስና ስለ ልጆቹ እናውራ። ከመካከላችን አንዱ ያደገው ከሽንዲ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ነው። ከብት ሲጠብቁ የሚጫወቱት በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በገመድ በጠፈሩት ኳስ ነበር። ዝናብ ሲመታት እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። እዚያ መንደር አንድ በሁለቱም እግሩ እኩል የሚመታ ልጅ ነበረ። ወደ ከተማ ወርዶ በአንድ ቡድን ሙከራ አደረገ፤ አሠልጣኙም ወደዱት፤ ሦስት ወር አብሮ ተለማመደ። በዚህ መካከል ቡድኑ ከነበረበት ሊግ አንድ ደረጃ አለፈ። እሰየው! በነሐሴ ሰባት ተጫዋቾች ከሌላ ቦታ በአንድ አውቶቡስ መጡ። ልጁም «ለጊዜው ቆይ፣ እንጠራሃለን» ተባለ። እስካሁን አልተጠራም። ዛሬ ሁለት በሬ ጠምዶ በቆሎ ያርሳል፤ ደህና ገበሬም ወጥቶታል። ክለቡን አንጠራውም፤ አሠልጣኙንም አንወቅስም፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ቢሸነፍ የሚባረር ሰው የጨርቅ ኳስ ተጫዋች ለመሞከር ጊዜ ከየት ያመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሰላሉ የታችኛው እርከን ለገጠሩ ልጅ እጁ የሚደርስበት ነው። የከተማው ቡድን ያንን ለቆ ሲወጣ ከሥሩ የወጣቶች ቡድን፣ የታዳጊዎች ቡድን፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ካልተከለ፣ ልጁ የሚረግጠው እርከን ያጣል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያጣል ማለትም ይቻላል፤ የሚሞክርበት ቡድን አንድ፣ የሚያየው ጨዋታ ሁለት። እኛ የምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ለስንት መቶ ተማሪ አንድ ኳስ፣ እሷም በሦስት ቦታ የተለጠፈች፣ ያላቸው ናቸው። ግቡ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ስንት ኳስ እንደሚገዛ ራሳችሁ አስሉት።

ታዲያ ቡድን አይውጣ ነው የምትሉት? የቡሬው ወንድማችን ረቂቁን አንብቦ ይህንኑ ጠየቀን፤ ፊቱም ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር። አላልንም። ይውጣ። ግን በከተማው ስብሰባ ላይ «ለቡድናችን እናዋጣ» ሲባል እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ አንድ መምህር ይኑር ነው የምንለው። ከሃያ አምስቱ ስንቱ የአገሩ ልጅ ነው? ውሉ ቡድኑ ቢወርድ ምን ይላል? የሆቴሉ ወጪ ስንት ወር ታስቦ ተያዘ? የታዳጊዎቹ ቡድን በጀት ከዋናው ጋር ተቀላቅሏል ወይስ ለብቻው ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው የከተማው ጠላት ተብሎ ሊታይ እንደሚችል እናውቃለን። በጭብጨባ መካከል ሒሳብ የሚጠይቅ መቼም አይወደድም።

ወንድማችን ጥቂት አሰበና «እሺ፤ ግን ፍኖተ ሰላም ቀድማ ከወጣች ይህን ጽሑፍ እኔው ራሴ ነኝ በየግድግዳው የምለጥፈው» አለ። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ የመለሰለትን እዚህ አንጽፈውም።

ለማንኛውም ሁለቱ ወገኖች ቅዳሜ ከቀኑ በ9 ሰዓት በተቋሙ ሜዳ ይገናኛሉ። ከቡሬ በኩል ሁለት ተጫዋች ስለ ጎደለ የወምበርማና የሰከላ ልጆች እንዲሞሉላቸው ተስማምተናል፤ የፊርማ አይከፈልም። ተመልካቾች ወደ ወንዙ በኩል እንድትቆሙ እንለምናለን። ኳሷ አንዲት ብቻ ናት።

የዝግጅት ክፍሉ